ያልቀየርኩት ቱቦ

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለነፍስ አባታችንም አልተናገርኩም፤ ሁለት ጊዜ ፊታቸው ቆሜ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ወንድሜን ከቀበርን ሦስት ወር ሆነን። በእነዚህ ሦስት ወራት የመጣው ሰው ሁሉ «አይዞህ፤ ለወንድምህ ጥሩ ነበርክ» ይለኛል። ዝም እላለሁ። አሁን ግን ዝም ማለት አልችልም፤ እስከ ሰኞ ድረስ ከእኔ መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። አዲስ አበባ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሃይስኩል ጨረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልቀጠልኩም። ዐረፍተ ነገሬ ቢሰበር እለፉኝ። ነገሩን ግን አትለፉኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ወንድሜ መካኒክ ነበር። አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው፤ ዳገት ላይ ትጠፋለች። ለምን እንደምትጠፋ አገኘው። በትክክል አገኘው። ወገቡን ስላመመው እኔ ከሥር ገብቼ አንድ ቱቦ እንድቀይር አዘዘኝ። ገባሁ። አልቀየርኩም። ቀይሬዋለሁ አልኩት። እሱም በገዛ እጁ ላይ እምነቱን አጥቶ ሞተ።

በቃ። ቀሪው ማስረዳት ነው። ማስረዳቴ ማሳበብ እንዳይመስላችሁ።

ወንድሜ ብሩክ ይባላል። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እናቴንና እኔን ለማምጣት ደግሞ ሰባት ዓመት ፈጀበት። አባታችን እሱ ከመሄዱ በፊት ሞቷል። ኤርፖርት ሲቀበለን እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ እኔ የሻንጣውን ጋሪ ይዤ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጠራው እንኳ ጨነቀኝ። የማውቀው ድምፁን ነው፤ በስልክ። ፊቱ እንግዳ ሆነብኝ። ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖርን፤ ግን እሱ ሁለት ሥራ ነበረው። እኔ ስተኛ ይገባል፣ እኔ ስነሳ ወጥቷል። ከዚያ ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሐበሻ ጋራዥ ቋሚ ሥራ ሰጠው፤ እዚያው አፓርትመንት ተከራየ። ከእኛ ቤት አሌክሳንድሪያ ሩቅ አይደለም። ግን ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ የቤልትዌይን ትራፊክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንድምህን በወር አንድ ጊዜ ለማየት በቂ ምክንያት ነው።

እንደዚያ ኖርን። እኔ ወንድም ነበረኝ፤ አላውቀውም ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም።

መኪናዋ የመጣችው ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የጋራዡ ደንበኛ የሆኑ አንድ አዛውንት ፈረንጅ ለብዙ ዓመት መጋዘን ውስጥ አቁመዋት ኖረው፣ ዐይናቸው ሲደክም ለብሩክ አሳለፉለት። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ኮፈኗ ከአልጋዬ የሚረዝም፣ ሰማያዊ ቀለሟ ጣሪያዋ ላይ የተላጠ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነገር የላትም። ቤንዚኑ ከኋላ ታንክ ውስጥ ነው። ሞተሩ ላይ ያለው ፖምፓ ይስበዋል፤ ካርቡራተሩ ከአየር ጋር ይቀላቅለዋል። ሌላ ምንም የለም። ብሩክ «እንደ ሰው ናት፤ ትበላለች፣ ትተነፍሳለች፣ ታኮርፋለች» ይል ነበር።

የሱ አፓርትመንት ግቢ የማትሄድ መኪና ማቆም ክልክል ነው። የእኛ ኪራይ ቤት ግን መኪና የሚቆምበት ድራይቭዌይ አለው። ስለዚህ እኛ ቤት ቆመች። በጭነት መኪና ተጎትታ የመጣች ቀን እናቴ በር ላይ ቆማ ጠየቀች።

«የስንት ዓመት ናት?»

ብሩክ ነገራት።

«እኩያዬ ናታ! የእናቱን ጉልበት ያላዳነ ልጅ የዚችን ሊያድን!»

«እማዬ፣ ያንቺ ጉልበት መለዋወጫ የለውም፤ የሷ አለ።»

«ስትጨርስ እኔን ጥለህ ከሷ ጋር ተጋባ!»

«ስትሠራ መጀመሪያ የምጭነው አንቺን ነው። አሌክሳንድሪያ ድረስ፣ መስኮቱን ከፍተን።»

«እኔ? እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ? በላስቲክ ጠቅልለህ ካልሆነ አልገባም።»

ያን ቀን ስንስቅ ዋልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩክ በየእሁዱ መምጣት ጀመረ። ከቅዳሴ በኋላ፣ በየእሁዱ፣ ሳይቀር። እናቴ በሰንበት መሥራቱን አልወደደችውም። በመስኮት ብቅ ትልና «በእሁድ ቀን መዶሻ!» ትላለች። እሱም ቀና ሳይል «መዶሻ የለም እማዬ፤ ቁልፍ ብቻ ነው» ይላታል። በኋላ ተወችን። ምሳ በሳህን አድርጋ ኮፈኑ ላይ ታስቀምጥልን ነበር።

የመኪናዋ ችግር ይህ ነበር። ሞተሯ ይነሳል። ቆማ በደንብ ትሠራለች፤ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብላ ትዞራለች። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ዳገቱን ስትወጣ ነዳጅ ሲረገጥባት ግን ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ቀጥ ትላለች። አምስት ደቂቃ አርፋ ትነሳለች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ብሩክ ቤንዚን አልደረሳትም አለ። ለምን እንዳልደረሳት ነው መፈለግ የነበረብን። ፊልትሮውን ቀየርን። ፖምፓውን ቀየርን። ካርቡራተሩን ፈታን፤ እያንዳንዷን ቀዳዳ በአየር ነፋን። አባታችን የሞተ ቀን ብሩክ የት እንደነበረ፣ ማን እንደነገረው፣ እኔ ያን ቀን ምን ለብሼ እንደነበር፣ ይህን ሁሉ የሰማሁት የካርቡራተሩን ቀዳዳዎች ስንነፋ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን አይነግረኝም ነበር። እጁ ሥራ ሲይዝ ነው አፉ የሚፈታው።

አንድ ደንብ ነበረው። «የቀየርከውን አሮጌ ዕቃ ሳትቀደው አትጣል» ይለኝ ነበር። «ውስጡን እይ። እውነት የሞተው እሱ መሆኑን አረጋግጥ። ካላረጋገጥክ ገመትክ እንጂ አልሠራህም።» የሚቀይረውን ሁሉ በሰንጢ ሰንጥቆ ያየዋል። ፊልትሮ ይሁን፣ ቱቦ ይሁን። ይህን ደንብ አስታውሱልኝ፤ ወንድሜን የመታሁት በዚሁ ነው።

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በዚያ እሁድ፣ አገኘው። እንዴት እንዳገኘው ልንገራችሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ትንሽ ጀሪካን ቤንዚን ሞላ። ኮፈኑ ሥር አጥብቆ አሰረው። ፖምፓው ከኋላው ታንክ መሳቡን ትቶ ከጀሪካኑ እንዲስብ አደረገ። ከዚያ ዳገቱን ወጣነው። ረገጣት። አላሳለችም። ጫፍ ድረስ እየጮኸች ወጣች። ብሩክ መሪውን በመዳፉ መታ።

«ገባህ?»

«ምኑ?»

«አልሞተችም እኮ! ከፖምፓው ወደ ፊት ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ጠላታችን ከኋላ ነው።»

ቤት ተመለስን። ከሥሯ የሚሄደውን የብረት መስመር በአየር ነፋው፤ ንጹሕ ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ታንኩንና የብረቱን መስመር የሚያገናኝ አንድ ስንዝር የምታክል የጎማ ቱቦ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከሚያያይዘው ብረት፣ ከአክሰሉ በላይ።

«እሱ ነው» አለ።

«ደህና ይመስላል እኮ» አልኩት። በባትሪ አይቼው ነበር።

«ውጪውን አትመን። የድሮ ጎማ የዛሬን ቤንዚን አይችልም፤ ውስጥ ውስጡን ያብጣል። አቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ ስትስብ ስትሮው አይጣበቅብህም? ቀስ ብለህ ስትስብ ይመጣል፣ በኃይል ስትስብ ይጣበቃል። ዳገት ላይ የምትሞተው ለዚያ ነው።»

አዲስ ቱቦ ከጋራዡ ይዞ መጥቶ ነበር። አዲስ የብረት ማሰሪያም። መኪናዋን በክሪክ አንስተን በማቆሚያ ደገፍናት። ሊገባ ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

«አንተ ግባ ኢዮቤ። ወገቤ ዛሬ እምቢ አለኝ።»

«አርጅቻለሁ በለኛ!»

«አፍህን ዝጋና ግባ።»

በጀርባዬ ገባሁ። ከሥር ሆኜ ጫማው ይታየኛል። ያፏጫል። ወንድሜ ሲያፏጭ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ማሰሪያውን ስፈታ ትንሽ ቤንዚን ክንዴ ላይ ወረደ። ከዚያ ከላይ እንዲህ አለ፦

«የሚቀጥለው እሁድ እማዬን ጭነን አሌክሳንድሪያ! ከዚያ ይቺ ልጅ እኔ ጋ ታድራለች፤ አንተም ከእሁድ ሥራ ትገላገላለህ።»

ያኔ ነው። እጄ ቆመ። መኪናዋ ከሠራች ትሄዳለች። እሷ ከሄደች እሱ በየእሁዱ ለምን ይመጣል? በወር አንድ ጊዜ። የቤልትዌይ ትራፊክ። «ሥራ በዛ» የሚል ቴክስት። አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖሬበታለሁ። እሱ ትገላገላለህ ያለኝ ሥራ ለእኔ ያለኝ ብቸኛው ወንድም ነበር።

ያደረግሁትን ልናገር። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማንም አልገፋኝም። አሮጌውን ቱቦ መልሼ በቦታው አስገባሁት። በአዲሱ ማሰሪያ አሰርኩት፤ ሰው በባትሪ ቢያየው የሚያብለጨልጭ ብረት እንዲታየው። ከዚያ አዲሱን ቱቦ ያዝኩ። በነጭ የተጻፈበትን ቁጥር አስፋልቱ ላይ አሸሁት፤ እስኪጠፋ። ከአክሰሉ ላይ ጥቁር ቅባትና አቧራ ጠርጌ ቀባሁት። አሮጌ አስመሰልኩት። ወጣሁ። «ቀይሬዋለሁ» አልኩት። አዲሱንም ቱቦ «አሮጌው ይኸው» ብዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩ።

ሰንጢውን አወጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቀው። ከፍቶ አየው። ውስጡ እንደ ሕፃን ምላስ ንጹሕ ነው። ረጅም ጊዜ አየው። ማፏጨቱን አቆመ።

«ጤነኛ ነው» አለ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እንዴት አላወቀም? አዲስ ጎማ ይሸታል። አዲስ ጎማ ሲታጠፍ ያስታውቃል። እሱ ሰው ሳይናገር በድምፅ ብቻ የሞተር በሽታ የሚያውቅ ሰው ነው። ብዙ አስቤበታለሁ። መልሱ አንድ ነው። ከሌላ ሰው እጅ ቢሆን ያሸትተው ነበር። ከእኔ እጅ ስለተቀበለው አላሸተተውም።

ዳገቱን ወጣን። መሃል ላይ ሞተች። ይናደዳል ብዬ ነበር። አልተናደደም። መሪውን ይዞ ተቀመጠና «ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አለ። ቀስ ብሎ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

አንድ እሁድ ብቻ ነው ያልኩት ለራሴ። በሚቀጥለው እነግረዋለሁ፣ ቀልድ አድርጌ። ቀጥሎ ያለው መጣ፤ አልነገርኩትም። ሦስተኛው መጣ። ከዚያ በኋላ ቀልድ ሊሆን አልቻለም። ጀሪካኑን እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ዳገቱን ወጣች። ጀሪካኑ አንድ ነገር ይናገራል፣ የተሰነጠቀው ቱቦ ሌላ ይናገራል። በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ነበር። እኔ። እኔን መጠርጠር አልመጣለትም። ራሱን ጠረጠረ።

ታንኩን እንዳወርድ አዘዘኝ። አወረድኩት፤ ውስጡን አጠብነው። ስመልሰው ያንኑ ቱቦ በእጄ ይዤ መልሼ አሰርኩት። የዚህ አገር ሙቀት ሲገባ ሌላ ጊዜ አወረድነው። እንደገና መልሼ አሰርኩት። ሦስት ጊዜ ያን ቱቦ በእጄ ይዤዋለሁ። ሦስት ጊዜ። ከሥር የሚገባው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወገቡ አልተሻለውም። ካርቡራተሩን አራት ጊዜ ፈታው። በመጨረሻው ጊዜ አንዷን ብሎን ጠፋችበትና ሲፈልጋት ቆይቶ በእጁ ይዟት አገኛት። ሳቅን። እሱ ሳቁን ቶሎ ተወ።

«ኢዮቤ፣ ጆሮዬ ሄዷል መሰለኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጋራዥም እንደዚሁ ነው። የሠራሁትን ሄኖክን ጠርቼ ‹እስኪ እየው› እለዋለሁ። እኔ! ሄኖክን! ቁልፍ አያያዝ ያስተማርኩትን።»

«ደክሞህ ነው» አልኩት።

«አይደለም። አንድ ሰው አንድ ነገር ያውቃል አይደል? እኔ ይህን ነው የማውቀው። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ይህን ሲለኝ ቱቦው ከእኛ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አልተናገርኩም። ያን ቀን ምሳ አብረን በላን፤ ስለ አንዲት የወደዳትና ወደ ሲያትል ስለሄደች ልጅ ነገረኝ፤ እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ ያማረው ያ ነው። ልታምኑ ትችላላችሁ? በወንድሜ እጅ ላይ የፈረድኩበት ቀንና የሕይወቴ ያማረው ቀን አንድ ቀን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልናገር። ይህ የኔ ጥፋት አይደለም፤ የእናንተ፣ የጋራዡ ሰዎች ነው።

ብሩክ ከሳ። ሁዳዴ ውስጥ እናቴ «ልጄ፣ አጥንትህ ቀረ እኮ» ስትለው፣ «ጾም ነው እማዬ» አላት። ደስ አላት! ልጄ መጾም ጀመረ ብላ ለጓደኞቿ ኮል አደረገች። ፋሲካ አለፈ። «ጂም ጀምሬ ነው» አለ። ሐምሌ ላይ ቀለሙ ተለወጠ። «ጋራዥ ውስጥ አየር የለም» አለ። በኅዳር ሦስት እሁድ በተከታታይ ቀረ፤ ቴክስት ብቻ። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ግዛው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ጋቢ ለብሰው። በማለዳ ጋቢ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እናቴ ታውቃለች። አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኸች።

ካንሰር ነበር፤ ቆሽቱ ላይ። ከሁዳዴ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጋሽ ግዛውም ያውቁ ነበር፤ ሕክምና የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው። ጋራዡ በሙሉ ያውቅ ነበር። «እናቱ ትሰበራለች፤ ልጁም ሥራውን ይፈታል፤ አይነገራቸው» ተባለ። እሱም እሺ አለ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስንቱ ሰው እኛን እያየ ፈገግ አለ? ለቅሶ ላይ አንዷ ሴትዮ «እግዜር ይስጣቸው፣ ሳትጨነቁ አቆዩአችሁ» አለችኝ። ሳትጨነቁ! እኔ ወንድሜ የሚሞት መሆኑን ባውቅ ያን ቱቦ ለመቀየር ስንት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር? አሥር። አሥር ደቂቃ። እናቴን ጭኖ ድልድዩን ይሻገር ነበር። እጁ ትክክል እንደሆነ አውቆ ይሞት ነበር።

ደግ ሥራ የሠራችሁ ይመስላችኋል። አይደለም። እናንተም አታላችሁኛል። እኔን ይቅር በሉኝ ከማለቴ በፊት እናንተ ልትሉኝ የሚገባ አለ። አልጠብቀውም።

ግን በዚህ አልሸፈንም። ቱቦውን ያሰርኩት እሱ መታመሙን ሳላውቅ ነው ማለት ምን ይጠቅመኛል? ጤነኛ ቢሆንስ ሰው የገዛ እጁን እንዲጠራጠር ማድረግ ምን ይባላል? የነሱ ዝምታ የኔን ዝምታ አያጥበውም። ሁለቱም ዝምታዎች ናቸው፤ የኔ ግን ቀድሟል።

ሰማንያው እንዳለፈ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ብቻዬን። ቱቦውን አወጣሁት። በሰንጢው ሰነጠቅሁት። ብሩክ እንዳለው ነው። ልክ እንዳለው። ውጪው ደህና፤ ውስጡ አብጦ፣ ተልጦ፣ ግድግዳው ከግድግዳው ተጣብቆ። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። «ልክ ነበርክ» አልኩ።

አዲስ ቱቦ ገዝቼ አሰርኩ። ዳገቱን ወጣች። አላሳለችም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ቤልትዌይ ላይ አውጥቻት፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ አሌክሳንድሪያ ጋራዡ በር ላይ አቆምኳት። ለምን ሄድኩ? እውነቱን ልነግራቸው ነው የሄድኩት። በመንገድ ላይ ቃላቱን ስደረድር ነበር።

ድምፅዋን ሲሰሙ ሁሉም ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ጋሽ ግዛው እጃቸውን እየጠረጉ መጡ።

«አንተ! ማን ሠራት?»

«እኔ።»

«አትዋሽ! ብሩክን ይህን ሁሉ ጊዜ ያስለቀሰችውን?»

ሄኖክ ኮፈኑን ከፍቶ ውስጥ ውስጡን እያየ ጮኸ፦ «ማስተሩን በለጠው! ኢዮብ ማስተሩን በለጠው!»

«ነፍሱን ይማረውና» አሉ ጋሽ ግዛው፣ ትከሻዬን ይዘው፣ «በመጨረሻ እጁ ከድቶት ነበር። እኛም እያየን ዝም አልን። የሱን ሥራ ሄኖክ ከኋላ እየደገመ ያየው ነበር። አንተ ግን እጅ አለህ። የብሩክ ቦታ ባዶ ነው፤ ዕቃ ሳጥኑም እንዳለ ነው። ሰኞ ሳምንት ና፤ ጀምር።»

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ኮካ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ሄኖክ ጀርባዬን መታኝ፤ ፈገግ አልኩ። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ወንድሜን በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ ከሞተ በኋላ ሌላ ጊዜ ከዳሁት። ያን ሁለተኛውን ለመሥራት ቱቦ እንኳ አላስፈለገኝም።

ያ ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው። ነገ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ይህን አነብላታለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ።

ጋሽ ግዛው፣ ሥራውን አልፈልግም። ሳጥኑን ሊነካው ለሚገባ ሰው ይስጡት። ይህን ለሁሉም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ሄኖክ ፊት ለፊት ይቁም። ከፈለጋችሁ ስደቡኝ። ከበር አባርሩኝ። ነፍስ አባታችን ንስሐ ግባ ቢሉኝ፣ ስለ ቱቦው እገባለሁ፤ ስለ እሁዶቹ አልገባም። እሁዶቹን ሰርቄያቸዋለሁ፤ አልመልሳቸውም። ወንድሜን ያወቅሁት በነሱ ነው። ማንም ሰው ‹ተጸጸት› ቢለኝ በእነሱ አልጸጸትም፤ ይህም ከጥፋቱ የሚቆጠር ከሆነ ቁጠሩት።

ይቅርታም አልጠይቃችሁም። ይቅር ሊለኝ ይችል የነበረው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ይቅር የሚለው ነገር መኖሩን ሳያውቅ ሄዷል። ከእናንተ የምፈልገው ሌላ ነው። ስለ እጁ ያወራችሁትን መልሱ። በዚያው ጋራዥ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት። ጀሪካኑን ያሰረው እሱ ነው፤ በሽታዋን ያገኘው እሱ ነው፤ ቱቦውን በስሙ የጠራው እሱ ነው። ብሩክ በመኪናዋ አልተሳሳተም። የተሳሳተው በእኔ ነው።